ያረጀ ሞተር ሳይክልን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፦ በአነስተኛ በጀት ለሚሞክሩ

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ውስጥ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያመላለሰ ይተዳደራል። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ሳለ ደወለና “ወንድም ጋሼ፣ የዚህን ቤንዚን አውጥተን ባትሪ ብንገጥምለትስ? አንተ ኢንጂነር አይደለህ?” አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በስልክ አይመለስም። ተሳስቼ “ይቻላል” ብለው የሚቆመው የእሱ እንጀራ ነው። ስለዚህ የምኖርበት ላንግሊ ፓርክ፣ ከዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሞተሩ የተቃጠለ አንድ 125 ሲሲ ገዝቼ ራሴ ሞከርኩት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሥራ የተጠናቀረ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሀገር ቤት የሚደርሳችሁ ወይም ራሳችሁ ለመሞከር የምታስቡ አንባብያን ትጠቀሙበት ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ዛሬ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከ2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ነው። በ2024 ጥር ወር ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በሌላ በኩል የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚመጣው ከውኃ ሲሆን፣ ሕዳሴ ግድብም በ2025 መስከረም ተመርቋል። ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራቱ ከአባይ ይመጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

በአማርኛ “ሞተር” ስንል ሞተር ሳይክሉንም፣ የቤንዚን ሞተሩንም፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩንም ነው። ግራ እንዳያጋባ ከዚህ በታች መሣሪያውን “ሞተር ሳይክል”፣ የሚወርደውን “የቤንዚን ሞተር”፣ የሚገባውን ብቻ “ሞተር” እላለሁ።

1. ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ዕቃ ከገዛ በኋላ ነው የሚያሰላው። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

እንደ ባጃጅ ቦክሰር 100 ያለ (ባለ ሦስት እግሩን ማለቴ አይደለም) ትንሽ ሞተር ሳይክል ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ ነው። የቤንዚን ሞተሩ፣ ማርሚታውና ነዳጁ ሲወርዱ የሚቀንሰውን ያህል አዲሱ ሞተርና ባትሪው ይመልሱታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት ጠቅላላው 180 ኪሎ ይሆናል። ይህ ክብደት ሜዳ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የጎማው መንከባለል 26 ኒውተን፣ ነፋሱ ደግሞ 70 ኒውተን ያህል ይገፋዋል። ይህን ለማሸነፍ ጎማው ላይ 1.3 ኪሎዋት ያስፈልጋል። በሰንሰለቱ፣ በሞተሩና በኮንትሮለሩ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ያህል ሲታሰብ ከባትሪው የሚወጣው 1.7 ኪሎዋት ነው። በሌላ አነጋገር በኪሎ ሜትር 33 ዋት ሰዓት። መቆምና መነሳቱን ጨምረን 35 ብንይዝ ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ላንግሊ ፓርክ ላይ ይህ ይበቃል። ደሴ ግን ሌላ ነገር ናት። በመቶ ሜትር 10 ሜትር የሚያሻቅብ ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ለአንድ ሰው 1.9፣ ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ተጨምሮ ጠቅላላው 250 ኪሎ ሲሆን ደግሞ 2.5 ኪሎዋት ጎማው ላይ ይፈለጋል። ከባትሪው ሲቆጠር ከ3 ኪሎዋት ያልፋል። ስለዚህ ለሜዳ 2 ኪሎዋት፣ ለደሴና ለአዲስ አበባ ዓይነት ከተማ 3 ኪሎዋት ሞተር መያዝ ያስፈልጋል።

ከፍታው ግን ለእኛ ያደላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ምንም አያጣም፤ እንዲያውም የነፋሱ ግፊት በዚያው መጠን ይቀልለታል።

2. ሞተሩ፦ ጎማ ውስጥ ወይስ መሐል ላይ?

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ሞተሩ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የተቀመጠበት ነው። ሰንሰለት የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ በአንድ ቅዳሜ ይገጠማል። ሁለተኛው ሞተሩ የቤንዚኑ በነበረበት ቦታ ሻንሲው ላይ ታስሮ በሰንሰለት ጎማውን የሚያዞርበት ነው። ለዚህ ላሜራ መቁረጥ፣ መበየድና ጥርሶቹን በአንድ መስመር ማሰለፍ ግድ ነው።

ለሜዳ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ለዳገት ግን ሁለተኛውን። ከላይ ያየነው የጭነት ዳገት ጎማው ላይ 90 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይጠይቃል። ጎማ ውስጥ ያለው ሞተር ይህን ሁሉ ያለ ጥርስ እገዛ፣ በዝግታ እየዞረ መስጠት አለበት፤ በዝግታ የሚዞር ሞተር ደግሞ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። መሐል ላይ ያለው በአምስት እጥፍ የጥርስ ልዩነት ሲታገዝ (ከፊት 11፣ ከኋላ 55 ጥርስ) 90ው ወደ 20 ይወርድለታል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በዚህ ጥርስ በሰዓት እስከ 65 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለዕቃ ማመላለሻ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በተጨማሪ፣ ጎማ ውስጥ ያለ ከባድ ሞተር በኮብልስቶን ላይ ሲነጥር ራጆቹንና ቸርኬውን ይጎዳል።

በሁለቱም ላይ አንድ ነገር አይረሳ፦ የሞተር ሙቀት መለኪያ ያለው ይግዙ። 3 ኪሎዋት ሞተር ያለ ችግር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ኃይል ከ10 ኒውተን ሜትር አይበልጥም። ዳገቱ የሚጠይቀው የዚህን እጥፍ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይችለዋል፤ ለግማሽ ሰዓት ግን አይችልም።

3. ባትሪው፦ ገንዘቡ የሚሄደው እዚህ ነው

በርካሽ ለመውጣት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ነው። 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሆኑ አራት ባትሪዎች በወረቀት 960 ዋት ሰዓት አላቸው። ነገር ግን ብዙ አምፔር በአንዴ ሲጎተት የእርሳስ ባትሪ የሚሰጠው ግማሹን ያህል ነው፤ ያም 15 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ ነው። እስከ ጥግ እየተራቆተ በሁለትና በሦስት መቶ ጊዜ ቻርጅ ይሞታል። በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ይህ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ርካሽ መስሎ ውድ የሆነ ነው።

እኔ የተጠቀምኩት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። በክብደት ሲታይ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ካለው ያነሰ ጉልበት ይይዛል፤ ግን ሙቀትን የተሻለ ይችላል፣ በጥንቃቄ ከተያዘም ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ቻርጅ ይደረጋል። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው። 50 አምፔር ሰዓት የሆኑ 16 ሴሎች ሲቀጣጠሉ 51.2 ቮልት፣ 2,560 ዋት ሰዓት ይሆናሉ። ከዚህ 85 ከመቶውን ብቻ ብንጠቀም በ35 ዋት ሰዓት ሂሳብ 60 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ለምን 72 ቮልት አይሆንም የሚል ይኖራል። ፍጥነት ይጨምራል፣ ሽቦውም ይቀጥናል፤ እውነት ነው። 16 ሴሎች ግን ጢም ብለው ሲሞሉ እንኳ 58.4 ቮልት ናቸው። ከ60 ቮልት በታች ያለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በደረቅ እጅ ቢነካ ሰው የመግደል ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ መስመር ባይወጡ ይሻላል።

ሴሎቹን ከመቀጣጠል በፊት አንድ በአንድ መለካት ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ካዘዝኳቸው ውስጥ “50” ተብሎ የተጻፈበት አንዱ ሴል ሲለካ 38 ብቻ ሰጠ። በአንድ መስመር በተቀጣጠሉ ሴሎች ደካማው ነው ሁሉንም የሚወስነው፤ አንዱ 38 ከሆነ ባትሪው በሙሉ 38 ነው። ሻጩ ገንዘቤን መለሰልኝ፤ ሳልለካው ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ግን ማን ያምነኝ ነበር? ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ ሴሎችን ሰብስቦ ለመሥራት የሚያስቡም አሉ። ታሪካቸው የማይታወቅ ሴሎች ላይ መቀመጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በሴሎቹ ላይ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ (ቢኤምኤስ) ግድ ነው። እያንዳንዱን ሴል እየጠበቀ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ከመጠን በላይ እንዳይራቆት ያደርጋል። ለእኛ ሥራ 80 ወይም 100 አምፔር የሚችል ይበቃል። ሜሪላንድ ላለ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ጥር ወር ላይ ውጭ አድሮ በረዶ የጠጣ ባትሪ ቻርጅ ቢደረግ ሳይታወቅ ከውስጥ ይበላሻል። በቅዝቃዜ ጊዜ ቻርጁን ራሱ የሚያቆም ሰሌዳ ይምረጡ።

4. ሽቦ፣ ፊውዝና ብልጭታ

በጭነት ዳገት ከባትሪው ወደ 60 አምፔር ይወጣል። ዋናው ሽቦ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ጫፎቹም በትክክለኛ መሣሪያ የተጨመቁ እንጂ በመዶሻ የተቀጠቀጡ አይሁኑ። ፊውዙ በተቻለ መጠን ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፊውዙ ላይ ነው። ለመኪና ሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡት ትልልቅ ፊውዞች “100 አምፔር” ይላሉ፤ በጥቃቅን ፊደል ደግሞ “32 ቮልት” ይላሉ። 58 ቮልት ላይ ሲቀልጡ በውስጣቸው የሚነሳው የእሳት ቅስት ላይጠፋ ይችላል፤ ኤሌክትሪኩም በቅስቱ ውስጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራና ቢያንስ 80 ቮልት የተጻፈበት ይፈልጉ። ለቤት የሚሆነው የቆጣሪ ማቋረጫም ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው ለተለዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነው።

ኮንትሮለሩ ውስጥ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ። ባዶ ሆነው በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲገናኙ በአንድ አፍታ መቶዎች አምፔር ይስባሉ። እኔ ይህን እያወቅኩ፣ “አንድ ጊዜ ብቻ ነው” ብዬ አገናኘሁት። ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለኝ፤ የማገናኛው ጫፍም ተበሳ። መፍትሔው 100 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ተራ ሬዚስተር ነው። መጀመሪያ በእሱ በኩል ለሁለት ሦስት ሰከንድ አስሞልቶ ከዚያ ዋናውን ማብሪያ መዝጋት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ለመብራት፣ ለፍሬቻና ለጡሩምባ ከ48 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይገጠማል። የፍሬን እጀታው ሲጨበጥ ሞተሩን የሚያጠፋ ማቋረጫም ይኑር። የጋዝ እጀታ ቢበላሽ የሚያድነው እሱ ነው።

5. ሻንሲውና ፍሬኑ

ያረጀ ሻንሲ በርካሽ መግዛት ትክክለኛ ቁጠባ ነው። ቀለሙና ወንበሩ ምንም አይደሉም። የሚታየው የብየዳ ስንጥቅ፣ የመሪው አንገት መላላትና የኋላ ሹካው መጣመም ነው። ባትሪው ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ በላሜራ ሳጥን ውስጥ ይታሰር። የሳጥኑ ውስጥ በጎማ ምንጣፍ ይለበድ፤ ከታች ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነውና። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣቱ በእኔ ስሌት 900 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባትሪው ይችለዋል። የሚያስፈራው መውረዱ ነው። የቤንዚን ሞተር ሳይክል በአነስተኛ ማርሽ ሲወርድ የሞተሩ እምቅታ ራሱ ይይዘዋል። ያን ሞተር ስናወርድ ያን መያዣ አብረን አውርደናል። “ኤሌክትሪኩ እኮ ሲወርድ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፣ በዚያው ይይዛል” ይባላል። ባትሪው ባዶ ቦታ ካለው ልክ ነው። ሌሊቱን ደሴ ቻርጅ ተደርጎ ሙሉ ሆኖ ማለዳ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ባትሪ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ባትሪውን ለማዳን ይዘጋዋል፤ ይይዝ የነበረው ኃይልም ገደሉ ጫፍ ላይ በድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ከደጋ ከተማ የሚነሳ ሰው ባትሪውን ከ85 ከመቶ በላይ አይሙላ፤ የፍሬን ሸራዎቹንም አዲስ ያድርግ። በሞተሩ መያዝ ላይ ተማምኖ ፍሬን ላይ መቆጠብ ነፍስን ማስያዝ ነው።

6. የት ቻርጅ ይደረጋል?

58.4 ቮልት፣ 10 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ባዶውን ባትሪ በአምስት ሰዓት ተኩል ይሞላዋል። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ ጋር የተያያዙ 268 ቃጠሎዎች ተመዝግበው 18 ሰዎች ሞተዋል። እኛ የመረጥነው ዓይነት ከብዙዎቹ ይሻላል፤ አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም። እንደ ላንግሊ ፓርክ ባሉ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማዎች ውስጥ ደረጃው አንድ ነው፤ የጎረቤት ልጆችም የሚወጡት በዚያው ነው። ደረጃ ሥር፣ መውጫ በር አጠገብ ወይም መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ አይደረግም። ጋራዥ ያለው ዘመድ መለመን ሳይሻል አይቀርም፤ እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የኪራይ ውላችሁንም አንብቡ።

7. የሜሪላንድ ሕግ

የቤንዚን ሞተር ስለወረደ ሞተር ሳይክል ብስክሌት አይሆንም። በሜሪላንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመባል የሚሠራ ፔዳል ያለውና ሞተሩ ከ750 ዋት ያልበለጠ መሆን አለበት። የእኛው ከዚህ ውጭ ነው፤ ታርጋ፣ ኢንሹራንስ፣ ሄልሜትና ክፍል “ኤም” መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል። ከ2012 ጥቅምት ወዲህ ትንንሾቹ ስኩተሮችና ሞፔዶች እንኳ ያለ ባለቤትነት ወረቀትና ያለ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ አይወጡም። ስለዚህ ሻንሲ ስትገዙ ወረቀቱ የሌለውን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

8. ወደ ሀገር ቤት መላክ

ብዙዎቻችን ሻንጣ ውስጥ ከትተን መሄድ ለምደናል። ባትሪ ግን አይሆንም። በመንገደኞች አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ። ከዚያ በላይ ክልክል ነው። የእኛው 2,560 ነው። ፈትቶ ሴል በሴል ማከፋፈልም አያዋጣም፤ አንዱ ሴል ብቻውን 160 ይሞላል። ከ2016 ሚያዝያ ጀምሮ ብቻውን የሚላክ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ሆድ ውስጥ በጭነት መልክም አይፈቀድም። የሚቀረው በጭነት አውሮፕላን ወይም በመርከብ፣ በአደገኛ ዕቃ ደንብ መላክ ነው፤ ለአንድ ሞተር ሳይክል ብሎ ይህን ማድረግ ኪሳራ ነው። ሞተሩ፣ ኮንትሮለሩና ሽቦው ያለ ባትሪ ሊላኩ ይችላሉ። ባትሪው ግን እዚያው ቢገዛ ይሻላል።

ቻርጀር ከዚህ የሚልክ ሰው ጀርባውን ይመልከት። “100–240” ካለ ችግር የለም። አንዳንዶቹ ግን 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አላቸው። 115 ላይ እንደሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ የተሰካ በዚያችው ደቂቃ ይቃጠላል።

9. ሂሳቡ

የያዝኩት በጀት በዶላር ይህን ይመስላል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እንደ መነሻ ብቻ ይታይ።

ሻንሲ ከነወረቀቱ 250፤ ሞተር፣ ኮንትሮለርና የጋዝ እጀታ 400፤ 16 ሴሎች 500፤ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ 90፤ ቻርጀር 110፤ የ12 ቮልት መቀየሪያ 25፤ ፊውዝ፣ ማቋረጫና ሽቦ 130፤ ጥርሶችና ሰንሰለት 60፤ ላሜራና ብየዳ 80፤ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ 120። ድምር 1,765።

ባትሪውና እሱን የሚጠብቁት ነገሮች ብቻ ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከፍጥነት፣ ከርቀትና ከመልክ ይቀንስ። 60 ኪሎ ሜትሩ ይቅርብኝ፣ 30 ይበቃኛል የሚል ሰው ግን ጥራት ሳይቀንስ አነስ ያሉ ሴሎች ቢገዛ፣ ዳገት ላይ የሚጎተተው አምፔር ለትንሽ ሴል እንደሚከብድ አውቆ በዝግታ መውጣት አለበት።

ታዲያ ያዋጣል ወይ? እዚህ፣ ሜሪላንድ፣ አያዋጣም። 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከግድግዳው 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል፤ በ20 ሳንቲም ብናስበው 60 ሳንቲም ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ሳይክል ያንኑ መንገድ በሊትርና በሩብ ይሄደዋል። በአንድ ጉዞ ግማሽ ዶላር ያህል እየቆጠቡ 1,765 ዶላር መመለስ ዕድሜ ይጠይቃል። እዚህ የሚሠራው ለትምህርት፣ ለፍቅርም ነው። ሀገር ቤት ግን የሚቆጠረው የቤንዚኑ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሰልፍ ላይ የሚውለው ቀን ነው። ሂሳቡን የሚያውቀው የሚሰለፈው ሰው ራሱ ነው።

ለወንድሜ የነገርኩት ይህን ነው። ይቻላል፤ ነገር ግን የእንጀራህን ሞተር ሳይክል አትንካ። ሞተሩ የሞተ ሌላ ሻንሲ ሊብሬው ያልጠፋ ፈልግ፤ ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለመመዝገቡን ብየዳ ሳትጀምር መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ከተማ ውስጥ ለሦስት ወር ሥራበት፤ ወደ ኮምቦልቻ ከዚያ በኋላ ትወርዳለህ። ለባትሪው ገንዘብ ካጠረህ ደውልልኝ እንጂ ከርካሹ አትግዛ። “እሺ ወንድም ጋሼ፣ ፍሬኑንስ?” አለኝ። ፍሬኑን ዛሬውኑ ቀይር አልኩት፤ የቤንዚኑንም ጭምር።